የበርሊኑ የሴሚስተር ቲኬት ግምገማ፦ ዋናው ጥቅሙ ቤት ሲፈለግ ነው

በልውውጥ ፕሮግራም በርሊን የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የሴሚስተር መዋጮ ግን አለበት። ከመዋጮው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው «ዶይችላንድ ዜሜስተርቲኬት» የሚባለው የትራንስፖርት ቲኬት ነው። ዋጋው ማንኛውም ሰው የሚገዛው አገር አቀፍ ወርሃዊ ቲኬት፣ ዶይችላንድ ቲኬት፣ ከሚሸጥበት ላይ 60 በመቶው ነው። በ2025 ዋናው ቲኬት በወር 58 ዩሮ ነበርና የተማሪው 34.80፣ ለስድስት ወር 208.80 ዩሮ ሆነ። ዋናው ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ በዚያው ስሌት የተማሪው 37.80፣ በሴሚስተር 226.80 ዩሮ ይሆናል።

«እኔ ከካምፓስ አጠገብ ስለምኖር አያስፈልገኝም» ብሎ መተው አይቻልም። ዋጋው የሚቀንሰው ሁሉም ተማሪ ስለሚከፍል ነው። ለከባድ አካል ጉዳተኞችና ሴሚስተሩን ከጀርመን ውጭ ለሚያሳልፉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱም በማመልከቻና በቀነ ገደብ ናቸው። በእግሩ ክፍል ለሚደርስ ሰው ያበሳጫል። ለቀረው ግን በወር 25.20 ዩሮ ቅናሽ ያለበት፣ መላ ጀርመንን የሚያካልል ቲኬት ነው፤ በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ አይገኝም።

አብዛኛው ተማሪ ቲኬቱን የሚመዝነው በከተማ ውስጥ ጉዞና በቅዳሜና እሑድ ሽርሽር ነው። ይህ ግማሹን ጥቅም መርሳት ነው። በርሊን ውስጥ አስቸጋሪው ነገር ትራንስፖርት ሳይሆን ቤት ነው፤ ቲኬቱም ቤት የሚፈለግበትን ክልል እጥፍ ድርብ ያሰፋል።

የበርሊን ታሪፍ ሦስት ቀጠናዎች አሉት። «ኤ» የሚባለው የኤስ-ባን (የከተማና የዳርቻ ባቡር) ቀለበት ከቦ የያዘው መሃል ከተማ ነው፤ ቀለበቱን ኤስ 41 በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ ኤስ 42 በተቃራኒው ይዞሩታል፤ ሙሉ ዙሩ 60 ደቂቃ ይፈጃል። «ቤ» ከቀለበቱ እስከ ከተማው ወሰን ነው። «ሴ» ደግሞ ከወሰኑ ውጭ ያለው የብራንደንቡርግ ክፍለ ግዛት ዙሪያ ሲሆን ፖትስዳምና የበርሊን አየር ማረፊያ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። የበርሊንን ወርሃዊ ቲኬት የሚገዛ ሰው ለ«ሴ» ተጨማሪ እንዳይከፍል ሲል «ኤ» እና «ቤ» ውስጥ ብቻ ቤት ይፈልጋል። የሴሚስተር ቲኬት የያዘ ግን ቀጠና አያሳስበውም፤ ከ«ሴ» ውጭ ያሉትም ከተሞች ለሱ ያው ናቸው።

ስለዚህ ፍለጋውን በካርታ ላይ በባቡር መስመር ጀምሩት። ቤርናው የምትባለው ከተማ መሃል በርሊን ካለው የፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ በኤስ 2 ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን አርኤ 3 የሚባለው ክልላዊ ባቡር ከቤርናው የበርሊን ዋናው ባቡር ጣቢያ በ20 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። በሰሜን ኦራንየንቡርግ በኤስ 1፣ በምሥራቅ ሽትራውስቤርግ በኤስ 5 እና ኤርክነር በኤስ 3፣ በደቡብ ምሥራቅ ኮኒግስ ቩስተርሃውዘን በኤስ 46 ይደረስባቸዋል። ከ«ሴ» አልፈው ኤበርስቫልደ በአርኤ 3፣ ብራንደንቡርግ አን ዴር ሃፈል በአርኤ 1 አሉ፤ ሁለተኛው ከዋናው ጣቢያ 50 ደቂቃ ገደማ ይርቃል። ፖትስዳምን «ከከተማ ውጭ ስለሆነ ይረክሳል» ብላችሁ አትገምቱ፤ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው፤ ኪራዩም እንደዚያው።

ወሳኙ ነገር ከመሃል ከተማ ያለው ርቀት ሳይሆን ከካምፓሱ ያለው አቅጣጫ ነው። የሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች አድለርስሆፍ ናቸው፤ ከኮኒግስ ቩስተርሃውዘን በኤስ 46 ሳይቀይሩ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መሃል ከተማ ከሚኖር ተማሪ ይቀድማል። የፍራይ ዩኒቨርሲቲ ግን በደቡብ ምዕራብ ዳህለም ነው፤ በኡ-ባን (በምድር ውስጥ ባቡር) ኡ 3 ነው የሚደረሰው። ከቤርናው ወደዚያ መመላለስ በአንድ መንገድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል፤ በክረምት ጨለማ ደግሞ ሰው ሁለት ወር ሳይሞላው ይሰለቻል። የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኤርንስት-ሮይተር-ፕላትስ ለመድረስ ኡ 2ን ይዞ ማሰብ አለበት። የቤት ማስታወቂያ ሲወጣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን የትራንስፖርት መተግበሪያ ውስጥ አስገቡና የሥራ ቀን ጠዋት በጀርመን ሰዓት 8፡00 ላይ ካምፓስ ለመድረስ ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለባችሁ፣ ከዚያም ሌሊት 23፡30 ላይ እንዴት እንደምትመለሱ ፈትሹ። ዳር ዳር ላይ ኤስ-ባን የሚመጣው በየ20 ደቂቃው ነው። አንዱ ካመለጠ 20 ደቂቃ ብርድ ነው።

ከወሰኑ ውጭ ለመኖር ሲወሰን ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። የመኖሪያ ምዝገባው፣ «አንሜልዱንግ»፣ ቤት ከገቡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደረገው በምትኖሩበት ከተማ ነው፤ የአከራዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም የሚያየው የበርሊኑ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አይሆንም፤ አድራሻችሁ ያለበት አውራጃ የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው። ቤርናው ባርኒም አውራጃ ውስጥ ስለሆነች ጉዳዩ የሚያልቀው ኤበርስቫልደ ነው። ዩኒቨርሲቲው በርሊን ቢሆንም የበርሊኑ ቢሮ «አድራሻህ የኛ አይደለም» ይላል፤ ትክክልም ነው። በሴሚስተሩ መሃል ከበርሊን ወደ ብራንደንቡርግ ወይም በተቃራኒው ቤት መቀየር ማለት ፋይሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ እስኪሄድ መጠበቅ ማለት ነው። ቪዛው ሊያልቅ ወራት የቀሩት ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

አሁን ወደ ቲኬቱ ድክመቶች። ትልቁ የሚጀምርበት ቀን ነው። የክረምቱ ሴሚስተር ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31፣ የበጋው ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። የልውውጥ ተማሪዎች ግን ለቋንቋ ኮርስና ለመግቢያ ሳምንት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ይመጣሉ፤ ኦክቶበር እስኪገባ የሴሚስተር ቲኬቱ አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙዎች ዶይችላንድ ቲኬት ገዝተው ይጠመዳሉ። ይህ ቲኬት በደንበኝነት የሚሸጥ ነው፤ ለወሩ መጨረሻ ለማቋረጥ እስከዚያው ወር 10ኛ ቀን ድረስ ማሳወቅ ግድ ነው። ሴፕቴምበር 15 የተመዘገበ ሰው ቀኑ አልፎታል፤ ኦክቶበርንም ሊከፍል ነው፣ ለዚያውም የሴሚስተር ቲኬቱ በእጁ እያለ። ለሁለት ሳምንት የሚሻለው የበርሊን የሰባት ቀን ቲኬት ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ከአየር ማረፊያው ስትወጡ ደግሞ የመጀመሪያው ቲኬት ሦስቱንም ቀጠና የሚያካትት መሆን አለበት፤ «ኤ-ቤ» አይበቃም። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ባቡር ከመግባታችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ሳጥን ማህተም አስደርጉት። ያልታተመ ቲኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው፤ ሻንጣ መያዝም ሰበብ አይሆንም።

ሁለተኛው እንቅፋት ክፍያው ነው። መዋጮው ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ምዝገባ አይጠናቀቅም፤ ምዝገባው ሳይጠናቀቅ ቲኬቱ አይከፈትም። ከአውሮፓ ውጭ የሚላክ ገንዘብ በመሃል ባንኮች ክፍያ ይቀነስበታል፤ ጥቂት ዩሮ ጎድሎ ቢደርስ ሥርዓቱ «አልተከፈለም» ብሎ ይይዘዋል። ስትልኩ ወጪው በሙሉ በላኪው እንዲሸፈን ምረጡ፤ የክፍያው ምክንያት በሚለው ቦታም ዩኒቨርሲቲው የሰጣችሁን ቁጥር ብቻ፣ እንዳለ ጻፉ። ስማችሁንና «የትምህርት ክፍያ» የሚል ጽሑፍ ብትጨምሩበት ማሽኑ ላያነበው ይችላል።

ቁጥጥሩን በተመለከተ በርሊን ውስጥ ጣቢያ ላይ የሚዘጋ በር የለም፤ ለዚህ ነው አዲስ ሰው ማንም አይፈትሽም ብሎ የሚዘናጋው። ተቆጣጣሪዎቹ አንዳንዴ ተራ ልብስ ለብሰው ይሳፈራሉ፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መታወቂያቸውን ያወጣሉ። ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። የሴሚስተር ቲኬቱ ከፎቶ መታወቂያ ጋር ነው የሚሠራው፤ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ ዋናው። የቲኬቱ የስክሪን ፎቶ ተቀባይነት የለውም፤ ባርኮዱ ከመተግበሪያው ራሱ መነበብ አለበት። ባትሪ ያለቀበት ስልክም እንደ ቲኬት አልባ ያስቀጣል። ቲኬቱ በዚያ ሰዓት በስማችሁ እንደነበረ በቅጣት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀነ ገደብ ውስጥ ካሳያችሁ ቅጣቱ ወደ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ይወርዳል፤ ስለዚህ በንዴት ወረቀቱን አትጣሉት።

የስም ጉዳይ ለኛ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በማመልከቻው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ቅደም ተከተል ይዞ ከወጣ ቲኬቱ የሚወስደው የዩኒቨርሲቲውን ነው። ምዝገባው ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ፓስፖርቱ በዚያው ቦታ ያስቀመጠውን ብቻ ጻፉ፤ በልማድ የምትጠሩበትን አይደለም። ልዩነት ካለ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት የተማሪዎች ምዝገባ ቢሮ ይቀይረዋል፤ ከጀመረ በኋላ ጉዳዩ ይጓተታል።

ቲኬቱ የሚሠራባቸው፦ ኡ-ባን፣ ኤስ-ባን፣ ትራም፣ አውቶቡስ፣ እንዲሁም በመላ ጀርመን አርኤ እና አርቤ የሚባሉ ክልላዊ ባቡሮች፣ ሁለተኛ ማዕረግ ብቻ። ከቫንዜ ወደ ክላዶ ሐይቁን የሚያቋርጠው ኤፍ 10 ጀልባም ይገባበታል፤ 20 ደቂቃ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከሚከፈልባቸው የወንዝ ጉብኝቶች ብዙዎቹን ያስንቃል። አይሲኤና አይሲ በሚባሉት የረጅም ርቀት ፈጣን ባቡሮች፣ እንዲሁም ፍሊክስትሬንና ፍሊክስቡስ በሚባሉት የግል ኩባንያ ባቡርና አውቶቡስ ላይ አይሠራም። የመሳፈሪያ ባቡራችሁ ስለዘገየ አይሲኤ ላይ መውጣት የሚፈቅደው ደንብም ይህን ቲኬት አይመለከትም። የባቡር መፈለጊያው ላይ በዶይችላንድ ቲኬት የሚሄዱትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ አብሩት፤ ካልሆነ ከላይ የሚመጣላችሁ አይሲኤ ነው። ብስክሌት የራሱ ቲኬት ያስፈልገዋል።

ለረጅም መንገድ ትዕግሥት ላለው ብቻ። ሮስቶክ በአርኤ 5 ሳይቀይሩ ይደረሳል፤ ጥሩ ነው፣ የበጋ ቅዳሜ ጠዋት ግን መቀመጫ አትጠብቁ። ላይፕሲሽ በክልላዊ ባቡር ቪተንቤርግ ላይ ቀይሮ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በአይሲኤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ከሁለት ሳምንት በፊት የተያዘ የአይሲኤ ቅናሽ ቲኬት ካለ እሱን እመርጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሐዲድ ጥገና ብዙ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ምትክ አውቶቡስ መኖሩን ተመልከቱ፤ መተግበሪያው ላይ «ኤስ-ኤ-ፋው» የሚል ምልክት ነው። አንድ ሰዓት ለዘገየ ባቡር በዚህ ቲኬት የሚመለሰው 1.50 ዩሮ ነው፤ ተጠራቅሞ 4 ዩሮ ሳይሞላ አይከፈልም። ማለትም የለም።

ሌሊቱን በተመለከተ አርብና ቅዳሜ ኡ-ባንና ኤስ-ባን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። በሌሎቹ ቀናት በጀርመን ሰዓት ከ1፡00 ገደማ እስከ 4፡30 ገደማ ይቆማሉ፤ ያኔ ቁጥራቸው በ«ኤን» የሚጀምር አውቶቡሶችና ዋና ዋና ትራሞች ይተካሉ። ማታ ምግብ ቤት የሚሠራ ተማሪ ከወሰኑ ውጭ ቤት ከመያዙ በፊት የመጨረሻዋን ክልላዊ ባቡር ሰዓት ያረጋግጥ።

ለአንድ ሴሚስተር ብቻ የመጣ ተማሪ ትምህርቱ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ነው፤ ቲኬቱ ግን እስከ ማርች 31 ተከፍሎበታል። ከዩኒቨርሲቲው የመውጫ ማመልከቻ ስትሞሉ «ወዲያውኑ» ከሚለው ይልቅ «በሴሚስተሩ መጨረሻ» የሚለውን ምረጡ። ወዲያውኑ ያለ ሰው ቲኬቱም በዚያው ቀን ይሞትበታል፤ ከሻንጣ ጋር ወደ አየር ማረፊያ የሚሄድበትንም እንደገና ይከፍላል።