ለተጎታች ካምፐር የቱ ፍሪጅ ይሻላል?

ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው የምኖረው። ተጎታቿን፣ ማለትም በመኪና የምንጎትታትን የጉዞ ማደሪያ፣ ይዘን ዩታ፣ ሞአብ ድረስ እንወርዳለን። ውስጧ ካስገባነው ዕቃ ሁሉ አንጀቴን ያራሰው ባለ 12 ቮልቱ ኮምፕረሰር ፍሪጅ ነው። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፤ ድንጋያማ ቦታ ላይ ያንን ከየት ታመጣላችሁ? ይሄኛው ተጎታቿ ዘመም ብትልም ያቀዘቅዛል። ክዳኑ ወደ ላይ ስለሚከፈት ቅዝቃዜው ቶሎ አያመልጥም። መቆለፊያውም ጥርቅም ያለ ነው፤ በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ለጥብስ የያዝነው ሥጋና አይቡ ደህና ደረሱ።

ፍሪጁ የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ፣ ባትሪ ላይ ግን አትሰስቱ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ሊቲየሙ ይሻላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ስለሚጎዳው፣ ለኮሎራዶ ብርድ የራሱ ማሞቂያ ያለውን ግዙ።