ወንድሜ በታገደ መንጃ ፈቃድ ነዳህ ተብሎ ሲከሰስ የደረሱልን ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ለመጠቆምም ጭምር። ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ሹፌሮች፣ የመኪና ባለቤቶች፣ ልጃችሁ መንገድ ላይ የሚውል እናትና አባቶች፣ እስኪ ጊዜ ስጡትና አንብቡት።

ታናሽ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ፣ በደጀን አድርጎ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሲመለስ ያገኘውን ይጭናል። አንድ ቀን ደጀን መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቆመው። መንጃ ፈቃዱን ሰጠ። ትራፊኩ የሆነ ቦታ ደወለ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ከዚያ ዞር ብሎ "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ታግዷል" አለው። ወንድሜ ቀልድ መስሎት ሳቀ። መኪናው ከነጤፉ ቆመ። እሱም ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ክሱ መጣ፦ በታገደ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር።

ብዙዎቻችን የትራፊክ ቅጣት ብሩ ሲከፈል የሚያልቅ ይመስለናል። ከፍለህ፣ ደረሰኝህን አሳይተህ፣ መንጃ ፈቃድህን ትቀበላለህ፤ በቃ። ግን ጥፋቱ በነጥብ ይመዘገባል። ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ለጊዜው ይታገዳል። ወንድሜም የገጠመው ይኸው ነው። የእግድ ደብዳቤ ተጽፎበታል፤ እጁ ግን አልገባም። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጊዜው አላለፈም። ከየት ይወቅ?

ክሱ እንደተሰማ መካሪው በዛ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን አላማም፤ ለስንቱ ድሃ ደርሰዋል። እኔ የምለው መሀል ለመሀል የሚሽሎከለኩትን ደላሎች ነው። አንዱ "እመንና ይቅርታ ጠይቅ፣ ዳኛውን የሚያውቅ ሰው አለኝ" አለው፤ ለዚያ "ሰው" የሚሆነውንም ብር ጠራለት። ሌላው ደግሞ "ካድ፤ አልነዳሁም በል" ብሎ መከረው። መሪ ይዞ የተያዘን ሰው!

እትዬ ጋ የሄድነው በአክስቴ ልጅ ጥቆማ ነው። (ጠበቃችንን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።) ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። "ጠበቃ እንደ ሳሙና አይተዋወቅም" ብለው ራሳቸው ከልክለውኛል፤ የሙያቸው ሥነ ምግባርም ማስታወቂያን ይገድባል። የምር የቸገረው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ቢሯቸውን አመላክተዋለሁ።

ወንድሜን አስቀምጠው ጠየቁት።

"ነድተሃል?"

"አዎ።"

"መታገዱን ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"በስልክ አልነገሩህም? ባለቤቱስ? ረዳትህስ? እኔን ብትዋሸኝ ችሎት ላይ የምናፍረው ሁለታችንም ነን።"

ማለ፣ ተገዘተ። እሳቸው መሐላውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። "እሱን መዝገቡ ይነግረናል" አሉ። "ዳኛው ጋ ሰው አለዎት ወይ?" ብላ እናቴ ስትጠይቃቸው ደግሞ ሳቅ አሉና "እኔ ያለኝ መዝገብ ብቻ ነው፣ እማማ" አሏት። እናቴ አላመነችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የማር ቆርቆሮ ይዛ ከች። ማሩን መለሱት። "ጉዳዩ ሲያልቅ፣ እኔም ጠበቃው መሆኔ ሲቀር፣ ያኔ አብረን እንበላዋለን" አሉ።

በዚያው ቀን ለወንድሜ አንድ ትእዛዝ ሰጡት፦ መሪ እንዳትነካ። ግቢ ውስጥ መኪና ለማዞርም ቢሆን። እስከ ትናንት አላወቅክም፣ ከዛሬ በኋላ ግን ታውቃለህ፤ ድጋሚ ከተያዝክ እኔም አላድንህም አሉት። የመኪናውን ባለቤትም አስጠርተው ተቆጡ። የኢንሹራንስ ውልህን አንብበኸዋል ወይ፣ የሚነዳው ሰው የጸና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል የሚለውን አይተኸዋል ወይ፣ ይህ ልጅ በዚያን ቀን ሰው ገጭቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይከፍል ነበር አሉት። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁላችንም የያዝነው "ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንም" የሚለውን ነው፤ ስለዚህ ልጁ አለቀለት ብለን ነበር። እትዬ ለያይተው አስረዱን። ታግዶ መንዳት ወንጀል መሆኑን አላውቅም ማለት ሕግ አለማወቅ ነው፤ እሱ አያስኬድም። እኔ መታገዴን አላውቅም ማለት ግን የፍሬ ነገር ስህተት ነው፤ ማለትም ሕጉን ሳይሆን የሆነውን ነገር አለማወቅ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 80 በዚህ ዓይነት ስህተት ድርጊት የፈጸመ ሰው ሁኔታውን በተረዳበት መጠን ይዳኛል ይላል። አንቀጽ 23 ደግሞ አንድ ወንጀል ተፈጸመ ለማለት ሕጋዊው (ሕግ የከለከለው መሆኑ)፣ ግዙፋዊው (ድርጊቱ መፈጸሙ) እና ሞራላዊው (የአድራጊው ሐሳብ) ፍሬ ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት ይላል። ወንድሜ መንዳቱ አልተካደም። ያልታየው ሦስተኛው ነው፤ እያወቀ መንዳቱ።

ታዲያ አላወቀም ማለት ለማንም ቀላል ነው። እትዬ የተለዩት እዚህ ላይ ነው። እግዱን የጻፈው መሥሪያ ቤት የደብዳቤ መላኪያ መዝገቡ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠየቁ፣ ታዘዘላቸው። ኮፒው ሲመጣ ቢሮ ነበርኩ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባይ ስም፣ ፊርማ። የወንድሜ ስም አለ። ፊርማው ቦታ ላይ ምንም የለም። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ቀለም "በስልክ ተነግሮታል" ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ተቀምጧል። እትዬ መነጽራቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠሩት። መልሰው ቆጠሩት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ወንድሜ ገፋ አደረጉለትና "ቁጠር" አሉት። አንድ አሃዝ ይጎድለዋል። ያ ቁጥር ለማንም ሊደወልበት አይችልም።

ችሎቱ አጭር ነበር። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች መንዳቱንና መታገዱን መሰከሩ። እትዬ ማንንም አላጣደፉም፣ አልጮሁም። "የእግዱ ደብዳቤ ለተከሳሹ ሲሰጥ አይታችኋል?" ብለው ጠየቁ። አላየንም አሉ። መዝገቡ ተያያዘ። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ እግዱን ማወቁ አልተረጋገጠም ብሎ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው። እናቴ እልል ልትል ስትል እትዬ በዓይናቸው ገሰጿት።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ነጻ የወጣው ከክሱ ነው፤ እግዱ እንዳለ ነው። ወንድሜ ደብዳቤውን ራሱ ሄዶ ፈርሞ ተቀበለ። ጊዜው እስኪያልቅ እዚያው አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ሠራ። ትናንት ረዳቱ የነበረው ልጅ መሪ ይዞ "ንካው!" ሲለው እንዴት እንደሚናደድ ባያችሁ። የሁሉም ሰው ጉዳይ እንደዚህ ያልቃል ማለቴም አይደለም። ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀብሎ የነዳ ሰው እሳቸው ጋ ቢሄድ ቁርጡን ነግረውት ቅጣት ማቅለያ ወደ መፈለጉ ነው የሚሄዱት።

ጉድለታቸውን ልናገር ካልኩ፣ ስልክ አያነሡም። በተለይ ማታ። ጭንቀታችሁን የሚያስታምም ሰው ከፈለጋችሁም እሳቸው አይደሉም፤ ንግግራቸው ቁጥብ ነው፣ አንዳንዴም ይኮረኩማል። ክፍያቸው ግን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ውል ነው፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ መሀል ላይ "ለእገሌ የሚሆን" ብለው የሚጨምሩት ሳንቲም የለም። ለኛ በሁለት ጊዜ እንድንከፍል ፈቅደውልናል።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ያድልልን። ማሩም ተበልቷል።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች፦ የክስ ወረቀቱን፣ የቀጠሮ ወረቀቱን፣ እስከ ዛሬ የከፈላችሁትን የቅጣት ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኙን ጥያለሁ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ፤ ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ "ወረቀትህን ይዘህ ተመለስ" ብለው ከበር ነው የሚመልሷችሁ።