ለወንድሜ ወንበር ለያዙለት ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ልጻፍ ልተወው እያልኩ ሦስት ወር አለፈ። የወንድሜ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ ጋሼ መመስገን አይወዱም። አመሰግናለሁ ስትሏቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ወሬ ይቀይራሉ። ግን ዝም ማለቱን ሆዴ አልቻለም። ስለዚህ ስማቸውን ሳልጠራ ላመስግናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ገና ጽሁፉን ሳያጋምስ ያውቃቸዋል።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። አሁን 17 ዓመቱ ነው። እናታችን ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ እህቱም እናቱም እኔ ነኝ። ማብላትና ማልበሱ ቀላሉ ነው። የሚከብደው እኩለ ሌሊት ላይ "እግዚአብሔር ጸሎት የሚሰማ ከሆነ እማዬ ለምን ሞተች?" ሲልሽ ነው። ምን ልበለው? እኔስ መቼ አውቄው!

ለሚያውቁት ልስጠው ብዬ ወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ወደሚማሩበት ወሰድኩት። እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር ፍቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ቦታ ሲያዩት ያምር ነበር። መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ ጭብጨባው! ልጆቹ ሲዘሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል። አንድ ቀን መሪው ከመድረክ ላይ "እጁን ያላነሳ ልቡ ደንድኗል" አለ። አነሳ። ማታ ቤት ሲገባ "ዛሬ እጄን አንስቻለሁ፤ ልቤ ግን እዚያው ነው" አለኝ። ተውነው።

ሁለተኛው ባሰ። እዚያ ጥቅስ በብዛት ያስጠናሉ፤ ይህን እወዳለሁ። ግን "ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል" የሚለውን አስጠንተው ከማያምኑ ጓደኞቻችሁ ጋር ቁረጡ አሏቸው። ወንድሜ ታዛዥ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት ያደገ ጓደኛ አለው። እናታችን ያረፈች ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነጋ ልጅ ነው። የዚያን ልጅ ስልክ ማንሳት ተወ። ልጁ ቤት ድረስ መጥቶ "ምን በድዬው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ያቆሰለን ግን እሱ አይደለም። ወንድሜ አንድ ቀን አምኖ ለመሪያቸው ስለ እናታችን ነገረው። ጸሎቴ ተሰምቶ ያውቅ ይሆን ብዬ እጠራጠራለሁ አለው። በሳምንቱ ያ ሰው ስብከቱ መሃል "ከመካከላችን እናቱ ስለሞተች እግዚአብሔርን የሚጠራጠር አንድ ልጅ አለ፤ እንጸልይለት" አለ። ስም አልጠራም። ምን ያደርግለታል? ሁሉም ዞር ብሎ አየው። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን ሳጥን ውስጥ ከተተው። እኔም ክፉ ቃል ተናግሬ ወጣሁ፤ አሁን ድረስ አልተጸጸትኩበትም። (ጋሼ ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ።)

ስምንት ወር የትም አልሄደም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "እስቲ እኛ ጋ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሞክሩት" ስትለኝ እሺ ያልኩት እሷን ላለማስቀየም ነው።

ክፍሉ ትንሽ ነው። መድረክ የለውም፤ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ለመስማት ጠጋ ማለት አለባችሁ። እውነቱን ልናገርና ለዝማሬማ ጭራሽ አልተፈጠሩም። ወንድሜ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ። ጋሼ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ድነሃል ወይ፣ አንዱንም አልጠየቁትም። ሲወጣ ብቻ "የሚቀጥለው ሳምንት ይቺን ወንበር እይዝልሃለሁ" አሉት።

አልሄደም። በሁለተኛውም ሳምንት አልሄደም። በሦስተኛው እኔ ብቻዬን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የጋሼ ኮት ተቀምጧል። አንዲት ልጅ ልትቀመጥበት ስትል "ሰው አለው" አሏት። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም። በአራተኛው ሳምንት ጫማውን ሲያስር አየሁት።

አሁን ልነግራችሁ የምፈልገው ዋናው ነገር ደረሰ።

ስለ አምልኮ የሚማሩበት ወቅት ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ሁለት የግሪክ ቃላት ጻፉ። አንዱ መስገድ ነው፣ ሌላው ማገልገል ነው ብለው ብዙ አስረዱ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እኔ ኋላ ሆኜ ሳዳምጥ ግማሹ አልገባኝም። ከዚያ ግን መዝሙረ ዳዊትን ገለጡና "ከ150ው መዝሙር ስንቱ የደስታ ይመስላችኋል?" አሏቸው። ልጆቹ ሁሉም ማለት ይቀናቸዋል። አንድ በአንድ ያስገልጧቸው ጀመር። "አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" የሚል አለ። "አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?" የሚል አለ፤ ጌታ ራሱ መስቀል ላይ የጮኸበት ቃል። የቆሬ ልጆች መዝሙር ከሚባሉት ደግሞ አንድ አለ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቅሶ ነው። ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ እያለ ያበቃል፤ መጨረሻው ላይ እንኳ "ግን አመሰግንሃለሁ" የሚል መስመር የለውም። ጋሼ መጽሐፉን ዘግተው "ይህም አምልኮ ነው። እሱ ፊት ቆሞ የተለቀሰ ልቅሶ ነው" አሏቸው።

ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላ ስለሆንኩ ፊቱን አላየሁም። ማጅራቱን ግን አየሁት።

ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ሰጧቸው። የራሳችሁን "እስከ መቼ" ጻፉ አሉ። ሌሎቹ አምስት መስመር ጽፈው ይሳሳቃሉ። የእኔ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም ሞላው። ሲጨርስ ተነስቶ ለጋሼ ዘረጋላቸው። ልቤ ቆመ። አሁን ያነቡታል፣ ነገ ከመድረክ ይወራል ብዬ ልነሳ ደረስኩ።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉት። አላነበቡትም። አራት ቦታ አጥፈው ኪሱ ውስጥ መልሰው ከተቱለት። "ይሄ ያንተና የእሱ ነው። እንድሰማው ከፈለግህ ራስህ ታነብልኛለህ" አሉት።

ሌላ ምንም አላደረጉም። ምን አስደናቂ ነገር አለው የሚል ይኖራል። እዚያ ሁለተኛው ቦታ ከወንድሜ ላይ የተወሰደውን ነገር፣ እኚህ ሰው ወረቀት በማጠፍ መለሱለት። ጉዳዩንም አያውቁም ነበር። እኔ የነገርኳቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወጣት አስተማሪዎች ብዙ ነገር ተማሩ፣ ዲግሪም ያዙ፤ ግን እባካችሁ ይህን አንዱን ተማሩ። ልጅ የሰጣችሁን ምሥጢር አጥፋችሁ መልሱለት!

ስለ ጓደኛውም ልንገራችሁ። ወንድሜ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ ያንን ጥቅስ ጠየቃቸው፣ ክፉ ባልንጀርነት የሚለውን። ጋሼ ጥቅሱን አላጣጣሉበትም። "እውነት ነው፤ ጠባይህን የሚበላ ጓደኛ አለ" አሉት። "ግን እሱ የ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ነው፤ እስቲ እዚያው ደብዳቤ ላይ ወደ ኋላ ምዕራፍ 5ን ግለጥና ጮክ ብለህ አንብብ።" ጳውሎስ እዚያ ላይ ከዚህ ዓለም ሰዎች ጋር ጨርሳችሁ አትገናኙ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያማ ከሆነ ከዓለም መውጣት ሊኖርባችሁ ነው ይላል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጋሼ "ጓደኛህ ከምን አስወጣህ? ወደ ምንስ አስገባህ?" አሉት። ልጁ ቆየት ብሎ "እናቴ የሞተች ቀን አብሮኝ አደረ" አላቸው። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው "እንግዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ትምህርቱ ሳምንትም አለ፤ ሂድ ይቅርታ ጠይቀው" ብለው ከክፍል አስወጡት። ትምህርት መሃል! ጓደኛሞቹ ታረቁ። ያ ልጅ አሁን አንዳንዴ አብሮት እየመጣ ከኋላ ይቀመጣል። ማንም አስገድዶት አይደለም።

የእምነት በሥራ ትምህርታቸውማ ቤታችን ድረስ ገብቷል። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉትን አራት ሰዎች አስተማሯቸውና "ስማቸው ማነው?" ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ የለም፤ አልተጻፈማ። ከዚያ ልጆቹን አራት አራት አድርገው ከፋፈሏቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከክፍል የቀረ ወይም የታመመ አንድ ልጅ "ይሸከማል"። ይደውላሉ፣ ይሄዳሉ፣ የቤት ሥራ ያስረዳሉ። ልጆቹ ራሳቸውን "ጣራ አፍራሾች" ብለው ሰይመዋል። የተከራየሁት ቤት ስለሆነ ስሙ መጀመሪያ አስደንግጦኝ ነበር።

ሌላ ሳምንት ደግሞ ማንም የማያውቀው በጎ ነገር ሥሩ ተብለው መጡ፤ ግራህ ቀኝህ የሚሠራውን አትወቅ የሚለው ነው። እኔ ይህን የት አውቄ። ማታ የተውኩት ዕቃ ጠዋት ታጥቦ አገኛለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሰብሯል አልኩ። ወይ ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ደበቅኩ። ነገሩን የሰማሁት ከሌላ ልጅ እናት ነው፤ እሷም ልጇን ጠርጥራ ነበር።

አሁን ስለ እኔ ይሁን። ይህን ለማንም አላወራሁም ነበር።

አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። እናቴ ስታርፍ አልመጣችም። አልደወለችም። አራት ዓመት ሙሉ ስሟ ሲነሳ ከንፈሬን ነክሼ ስለ እሷ ያልተናገርኩት የለም። ወንድሜ አንድ ቀን ከትምህርት መጥቶ ማቴዎስ 5ን አነበበልኝ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን። "እኔን ነው እንዴ? እኔ እኮ ነኝ የተበደልኩት!" አልኩት። "ጋሼ ልብ አድርጋችሁ አንብቡት ብለዋል" አለኝ። "አንተ በወንድምህ ላይ ቅሬታ ካለህ አይልም። ወንድምህ በአንተ ላይ ካለው ነው የሚለው። እሷስ በአንቺ ላይ ምንም የላትም?"

ያስቀየምኩት ነገር ትዝ አለኝ። ለስንት ሰው ምን እንዳልኩ ትዝ አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። ደወልኩ፤ አላነሳችም። እፎይ አልኩ፣ አልዋሽም። ጠዋት ራሷ መልሳ ደወለች። ለካ ያን ጊዜ እሷም ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል። ከዳነች በኋላ ግን የተናገርኩትን ሰምታ ፊቴን ማየት አልቻለችም። ሁለታችንም አለቀስን። አሁንም እንደ ድሮው ነን አልልም። ግን እንደዋወላለን። ይህ ሁሉ ወንድሜን ላስተምር ብዬ የመጣ ጣጣ ነው።

ታዳጊ ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ክፍሉን ዘግቶ የሚውልባችሁ፣ እባካችሁ አትቆጡት። ጋሼ ጋ አምጡት። ደግሜ እላለሁ፣ አምጡት። በአንድ ቀን ይለወጣል ብላችሁ አትጠብቁ። እሳቸው ችኮላ አያውቁም፤ ትምህርቱም በሰዓቱ አያልቅም፣ ይህን ቅሬታዬን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ከ20 ልጅ በላይ በአንድ ክፍል አይቀበሉም፤ የእያንዳንዱን ስምና የቀረበትን ቀን ማወቅ አለብኝ ይላሉ። ከወንበሮቹ ክብ ውጭ ለወላጅ የሚሆን ወንበር ከኋላ አለ። መጥታችሁ ሰምታችሁ ወስኑ። የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ እኔ ራሴ ይዤያችሁ እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ አንዱ ልጅ ይህን ካነበበልዎት አይቆጡኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእናቴን ልጅ መለሱልኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀድሜ ደርሼ፣ ኋላ ሆኜ ድምፃቸው ስለማይሰማኝ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል የወንድሜ ጃኬት ተዘርግቶባታል። ላነሳው እጄን ስዘረጋ ከወዲያ ማዶ "ሰው አለው!" አለኝ። "የማን ነው?" ብለው "ገና አልመጣም፤ ሁለት ሳምንት ሆነው" አለና ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመኝ።