የልጄን ቁስል ላደረቀችልኝ ባለሙያ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር አመነታሁ። የልጅን ቁስል አደባባይ ማውጣት ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያለን ሐበሾች ብዙ ነን፤ እንደኔ መታጠቢያ ቤት ገብታ የምታለቅስ እናት አትጠፋም።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ የሚገባው ግን ብዙ ነው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ቆዳውን ይቦጭቃል። በትንኝ ንክሻ ነው የተጀመረው። ቅርፊት ሲይዝ ይልጠዋል፣ ይደማል፣ መልሶ ቅርፊት ይይዛል፣ መልሶ ይልጠዋል። ክንዱን፣ የጣቶቹን ዳር፣ ከፀጉሩ ሥር። አንዴ ክንዱ መግል ይዞ አብጦ ድንገተኛ ክፍል ወስደነው በአንቲባዮቲክ ነው የዳነው።

ያልሞከርኩት የለም። ጓንት አደረግኩለት፣ በጥርሱ አወለቀው። እጅጌ ረጅም ልብስ አለበስኩት፣ ወደ ጭንቅላቱ ዞረ። «ተው!» ማለት የቀን ሥራዬ ሆነ። እጁንም መትቼዋለሁ፤ እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። እናቴ «ዓይን በልቶት ነው» ብላ ከአዲስ አበባ ጸበል ይዛ መጣች። ጸበሉን አልተውነውም። ያናደደኝ አንድ ክሊኒክ ነው፦ «ኦቲዝም ስላለበት ነው፣ የተለመደ ነው» ብሎ ሸኘን። ደም እየፈሰሰ የተለመደ ነው ይባላል?

ከስምንት ወር ወረፋ በኋላ የባሕርይ ባለሙያዋ መጣች። ፈረንጅ ናት፣ ወጣት። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ቡናውንም እስከ በረካ ጠጣች። መጀመሪያ ያደረገችው እኛን ወደ ቆዳ ሐኪም መላክ ነው። ኤግዚማ ወይም ሌላ የሚያሳክክ ነገር ካለ እሱ ሳይታከም የእሷ ሥራ ዋጋ እንደሌለው ነገረችኝ። ሐኪሙ ቅባት አዘዘ፣ ሌላ ነገር አላገኘም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አላደረገችም። ጻፉ አለችን ብቻ። ከመቦጨቁ በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ እናንተ ምን አደረጋችሁ? ደብተሩን ማቀዝቀዣው ላይ ሰቀልነው። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ተቆጥቻለሁ። እኔ የምፈልገው የሚያስቆምልኝ ሰው፣ እሷ ደብተር!

ደብተሩን አብረን ስናነብ ግን አፌን ያዝኩ። እኔ ጭንቀት ነው ብዬ ምዬ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። የሚቦጭቀው እጁ ባዶ ሲሆን ነው፤ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር፣ ቲቪ ፊት፣ አልጋ ላይ። ሰው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። መላጡ ራሱ ነው ደስ የሚለው። ሁለተኛው ነገር የባሰ ነበር። የቤት ሥራ ሲቀርብለት ይቦጭቃል፣ እኔ ዘልዬ እነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ አቅፈዋለሁ። የቤት ሥራው ተረሳ! ለካ እረፍት የሚሰጠው የኔ ፕላስተር ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም።

እጃቸውን ራሳቸው መከታተል ለሚችሉ ልጆች የቆየ ዘዴ አለ። አዝሪን እና ነን የተባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ነው። ልጁ እጁ ወደ ቆዳው ሲሄድ ማወቅን ይለማመዳል፤ ያኔ ጡጫ ይጨብጣል ወይም ሌላ ነገር ይይዛል። ለልጄ ግን በቃል ማስረዳት ስለማይበቃ በሥዕል ካርድ ቀየረችው። እረፍት ሲፈልግ ካርዱን ይሰጠኛል፣ ወዲያው እረፍት ያገኛል፣ ደም አያስፈልግም። ቁስል ካለ ደግሞ ዝም ብዬ አጥቤ አሽጌ እሄዳለሁ፤ እቅፉ ለሌላ ሰዓት ነው።

«ቤታችሁ የሚላጥ ምን አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቄ መጣ። የሐበሻ ቤት! መጀመሪያ ግን ነጭ ሽንኩርት ቁስሉን ስለሚያቃጥል በወረቀት ፕላስተርና ጠረጴዛ ላይ በደረቀ ሙጫ ጀመርን። ከዚያ የተነከረ ባቄላ። ጣቶቹ ሲድኑ ነጭ ሽንኩርት። መኪና ውስጥ ለእጁ የሚላጥ ነገር ሳንይዝ አንወጣም። ሰዓት ቆጣሪም አለ፦ ሳይቦጭቅ 2 ደቂቃ ከቆየ የሚወደውን የባቡር ቪዲዮ ያያል። ከ2 ደቂቃ የጀመርነው ደብተሩ ላይ እጁ ባዶ ሲሆን ከ3 በላይ ቆይቶ ስለማያውቅ ነው። አሁን ግማሽ ሰዓት ደርሰናል።

ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተመልሶ መጣ፣ ወር ሙሉ አለቀስኩ። እሷ ደብተሩን እንደገና ከፈተች፣ እንደገና ጻፍን። መጀመሪያ በቀን እስከ 40 ጊዜ እንጽፍ ነበር፤ አሁን 2 ወይም 3 ነው፣ አንዳንድ ቀን ባዶ።

በጣም ያከበርኳት ግን በሌላ ነገር ነው። ልጄ ሲደሰት እጁን ያራግባል። እሱንም አስቁሚልኝ አልኳት። «ማንን ጎዳ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ባለሙያ የምትፈልጉ፣ የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ከዚያ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ሳያይ ሳይጽፍ ወደ ጓንትና ወደ ቅጣት የሚሮጥ ከሆነ በሩን አሳዩት። ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ያላችሁ፣ ልጃችሁ ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ስለዚህ የባሕርይ ሕክምና ጠይቁ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ዛሬ ተመዝገቡ።

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የገባውን ነጭ ሽንኩርት በሙሉ የላጠው ልጄ ነው። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ «የኔ ጌታ፣ ይሄ እኮ በዝቷል» ትለዋለች። እሱ አልሰማትም፣ ቀጣዩን አነሳ።