የከዚራው ቁርስ ቤት፦ ፈጢራው ያው ነው፣ ልጁን ግን አባረሩት

የቤቱን ስም አልጽፍም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር በረንዳ ያለው ቁርስ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከዚራ ብዙ ስላለ የትኛው ይሆን ብላችሁ አትድከሙ። እኔ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ 28 ዓመት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከእሁድ በቀር በየቀኑ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ እዚያ በረንዳ ላይ ቁርሴን በልቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ቀን ጎራ ብዬ ባየሁት አይደለም።

ከምግቡ ልጀምር። ፈጢራ ሠሪው ሊጡን ዘይት በተቀባ ላሜራ ላይ እየመታ ይዘረጋዋል፤ ከሥር ያለው ላሜራ በሊጡ ውስጥ እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል። አንድም ቀን ሲቀደድበት አላየሁም። እንቁላሉን መሀል ላይ ያፈስና አራቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ምጣዱ ላይ ያሳርፈዋል። ሲወጣ ዳር ዳሩ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ መሀሉ ለስላሳ ነው። ከታትፎ ማር ያንጠባጥብበታል፤ ስኳር ስላለብኝ የኔ ያለ ማር ነው። ፉሉ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ ነው፤ በጠርሙስ ቂጥ ደቁሰው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና እርጎ ጣል ያደርጉበታል። ፈጢራ በእንቁላል 180 ብር፣ ፉል 150፣ ሻሂ 20 ነው። በዛሬ ኑሮ ውድ ነው አልልም። እጅ መታጠቢያው ውሃና ሳሙና አጥቶ አያውቅም። የበረንዳው ቬንቲሌተር ግን ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በግንቦት ሙቀት ከሁለት ሰዓት በኋላ መቀመጥ አይቻልም።

እኔን ሰባት ዓመት ያመላለሰኝ ግን ፈጢራው ብቻ አልነበረም። ከሰባቱ አራቱን ዓመት ያስተናገደኝ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። መንገዱን ስሻገር ያየኛል፤ ወንበር ስቤ እስክቀመጥ ሻሂዬ ደርሷል። ሁለት ብርጭቆ ይዞ ይመጣና ቆሞ ካንዱ ወዳንዱ ከፍ አድርጎ ያገላብጠዋል፤ ሦስቴ፣ አራቴ፣ ጠብታ ሳያፈስ። ትኩስ ሻሂ ጥርሴን እንደሚያመኝ አንዴ ነው የነገርኩት። «ጋሼ፣ ስኳርህን ዛሬ ለካህ?» ይለኛል። ድሬ አንቱታ አይበዛም፤ አንተ ማለቱ ንቀት ሳይሆን ቤተሰብነት ነው።

ከመጋላ ሰፈር በኩል የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ልጁ ሳህኑን ያስቀምጥና እጃቸውን ይዞ «ፉሉ እዚህ፣ ዳቦው እዚህ፣ ውሃው በቀኝህ» እያለ ያስነካቸዋል። ይህን በሶማልኛ ነው የሚነግራቸው። ከኔ ጋር አማርኛ፣ ከፈጢራ ሠሪው ጋር ኦሮምኛ፣ ከሐረር ከሚመጡት ነጋዴዎች ጋር ደግሞ የቻለውን ያህል አደርኛ ያወራል። እንዲያደርግ ያዘዘው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

እሁድ የልጁ የዕረፍት ቀን ነው። አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ አሸዋ በሚባለው ሰፈር ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሒሳብ ተጣሉ። ሹፌሩ 60 ብር ይላል፣ ልጁ የተስማማነው በ40 ነው ይላል። ልጁ ተናደደ፣ የባጃጁን ጎማ በእርግጫ መታ፣ የሹፌሩን እናት ተሳደበ። ከፎቅ ላይ የነበረ አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸው፤ 38 ሰከንድ። ማታውን ቲክቶክ ላይ ወጣ፣ ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም በየስልኩ ገባ። «ይሄ ልጅ የት ነው የሚሠራው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ፤ ሌላው ቤቱን ከነአድራሻው ጻፈለት። ማክሰኞ ልጁ ተሰናበተ።

ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ልጁ ጥፋተኛ ነው። የሰው እናት ተሰድባለች፣ ያውም ሕፃናት ቆመው እየሰሙ። ከ38ቱ ሰከንድ በፊት የሆነው ቢታይም ይህን አያጠፋለትም። ኋላ ሳገኘው ፊት ለፊት ተቆጥቼዋለሁ። ልጄ ቢሆንም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ረቡዕ ጠዋት ስሄድ ሻሂው ዘግይቶ መጣ፤ አራት ማንኪያ ስኳር ሳይኖርበት አይቀርም። ባለቤቱን ጠራሁት። የዕድሜ እኩያዬ ነው፣ እንከባበራለን።

«ልጁ የታለ?»

«አሰናበትነው። ቪዲዮውን አላየኸውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። እዚህ ቤት ሰው ሰድቦ ያውቃል?»

«እዚህማ አያውቅም።»

«ሰርቋል? አርፍዷል?»

«አቦ ተወኝ! ከሰኞ ጀምሮ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ተሳዳቢ ሰብስበህ ታበላናለህ ወይ ይሉኛል። ይሄ ቤት የልጆቼ እንጀራ ነው፤ በአንድ ሰው ምክንያት ይዘጋ?»

ይህን ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። በስልክ የሚሰድበው ሰው ቤቱን አይቶት አያውቅም፤ ልጁ ለአራት ዓመት ያስተናገዳቸው ደንበኞች ደግሞ አልደወሉለትም። እኔም አልደወልኩም። ሰኞ ዕለት ሄጄ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እያልኩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወርክሾፕ ሳለሁ የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ አባል ስለነበርኩ ሕጉን እንግዳ አልሆንበትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያስባርሩ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። በተደጋጋሚ ማርፈድ አለ፣ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት አለ፣ ማጭበርበር አለ፣ የአሠሪን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት አለ። ጠብና አምባጓሮም አለ፤ ግን በሥራ ቦታ የተነሳ ጠብ ነው የሚለው፣ ያውም የጥፋቱ ክብደት ታይቶ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰውም ሊሰናበት ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጥፋቱ ለያዘው ሥራ የማያበቃው ሆኖ ሲገኝ ነው። ልጁ በሥራ ቦታ አልተጣላም፣ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። ስንብት ደግሞ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ ነው የሚሰጠው። ለልጁ የተሰጠው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

የጽሑፍ ውል የለውም የሚል ካለ፣ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አይፈልግም፤ በቃልም ይጸናል። ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። የአራት ዓመት ሲሰላ 60 ቀን ይሆናል። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ ለሚፈልግ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ካለፈ ይርጋ ያግደዋል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ይህን የሚያነብ ሌላ አስተናጋጅ ሊኖር ስለሚችል ነው።

የሰፈር ሰው በዚህ ጉዳይ አልተስማማም። ከሰዓት በርጫ (ጫት ቅሚያ) ላይ ሁለት ሦስት ቀን ተከራክረንበታል። አንዱ ጎረቤቴ በሐምሌ 2017 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን አነሳ፦ የአንድ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሙዚቃ ድግስ ላይ ሴት አቅፎ በትልቁ ስክሪን ታየ፣ ዓለም አየው፣ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። «እነሱም አገር እንደዚሁ ነው» አለ። እኔ ግን ያ ከዚህ አይገናኝም አልኩ። ያቀፋት የራሱን ኩባንያ የሰው ኃይል ኃላፊ ነበር፤ አለቃና የበታች ናቸው። የሠራተኛውን አቤቱታ የምትሰማው ሴት ከአለቃው ጋር እንዲህ ከሆነች ነገሩ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ቦታው ስታዲየም ቢሆንም። የኛ ልጅ ሻሂ አቅራቢ ነው። ከባጃጅ ጋር መጣላቱ ሻሂውን አያበላሽም።

የከበደችኝ መምህርት የሆነችው ጎረቤታችን ናት። «እኔ እሁድ መንገድ ላይ የሰው እናት ስሰድብ ብቀረጽ፣ ሰኞ ልጅህን እኔ ክፍል ትልከዋለህ?» አለችኝ። ቶሎ መልስ አልነበረኝም። አስቤበት ማግሥቱን የነገርኳት ይህን ነው፦ የአስተማሪ አንደበት ሥራዋ ነው፤ ልጅ ከአፏ ይማራል። እሷንም ቢሆን ጠርቶ መምከርና ማስጠንቀቅ ይቀድማል፤ ግን ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። ባቡር ነጂም ማታ ጠጥቶ ጠዋት ሎኮሞቲቭ ላይ ልውጣ ቢል መከልከል አለበት፤ ማታው የሱ ቢሆንም ጠዋቱ የተሳፋሪ ነው። ልጁ የሰደበው የሰው ዘር ወይም ሃይማኖት ቢሆን ኖሮም ሌላ ነገር ነበር። ድሬ አራት አምስት ቋንቋ በአንድ በረንዳ የሚነገርባት ከተማ ናት፤ እንዲያ የተናገረ ሰው ያንኑ ሕዝብ በእኩል ዓይን ያስተናግዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ለዚያም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። ፎቅ ላይ ስልክ ይዞ የቆመ ሰው ዳኛ አይደለም።

ደግሞ ድሬን እናውቃታለን። በዚህ ሙቀት ኑሯችን ደጅ ነው። ደጅ እንበላለን፣ ደጅ እንቅማለን፣ ደጅ ተጣልተን ደጅ እንታረቃለን። ወርክሾፕ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ሠርግ ላይ ተደባድቦ ሰኞ ዓይኑ አብጦ መጣ። አለቃችን አየውና «ዓይንህ ቶርኖውን ያያል?» ብሎ ጠየቀው። «ያያል» አለ። «እንግዲያው ሥራ» ተባለ። ከሠርጉ ባለቤት ጋር ያስታረቁት የሰፈር ሽማግሎች ናቸው፣ አለቃችን አልገባበትም። የደመወዝ ሰዓታችንን ነበር የገዛው፤ እሁዳችንን አልገዛም።

ሐሙስ ዕለት ያ ባጃጅ ሹፌር ራሱ ቁርስ ቤቱ መጣ። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ባለቤቱን አስጠራው። «ቪዲዮውን እኔ አልለቀቅኩም። ልጁ ማታውኑ ሰው ልኮ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ጨርሰናል» አለ። ባለቤቱ አንገቱን አቀርቅሮ ሰማውና «እግዜር ይስጥህ» ብቻ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ልጁን ያገኘሁት እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ነው፣ ካርቶን ሲያወርድ። እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስለ 60 ቀኑና ስለ ሦስት ወሩ ነገርኩት። ላቡን በሸሚዙ ጠረገና «ጋሼ፣ እንጀራ የበላሁበትን ቤት አልከስም» አለኝ። ብዙ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። «ወሬው ይብረድና እናያለን» አለን። ይኸው አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ቪዲዮውን ዛሬ የሚያነሳው ሰው የለም።

አሁን ቤቱ እንዴት ነው ለሚለኝ፦ ምግቡ ከአምስት አምስት ይገባዋል፣ አልነፍገውም። መስተንግዶው ሁለት ነው። አዲሱ ልጅ ክፋት የለበትም፣ ግን ማንንም አያውቅም፤ ሦስት ቀን ተከታትሎ ስኳር ያለበት ሻሂ አቅርቦልኛል፣ አንድ ቀን ያልበላሁትን ፉል አስከፍሎኛል። ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ ካየኋቸው ወር ሊሞላ ነው። እኔ ፈጢራዬን በፌስታል ይዤ ወጥቼ ሻሂዬን ቤቴ እጠጣለሁ። ከውጭ እንግዳ ሲመጣብኝ ወደ ሌላ ቤት ነው የምወስደው።

ሦስቱ ወር ገና አላለቀም። ባለቤቱ ይህን ካነበበው የልጁን ስልክ ያውቀዋል። ልጁ የተመለሰ ዕለት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሁለቷን ኮከብ አምስት አደርጋታለሁ።