ቮልዩሙ ከማጉያው በፊት ወይስ በኋላ? ፕሪአምፕ በቤታቸው ለሚሠሩ የቀረበ ንጽጽር

የፕሪአምፕ (ከማጫወቻው የሚመጣውን ሲግናል ስፒከሮቹን ለሚነዳው ፓወር አምፕ የሚያዘጋጀው መሣሪያ) ኪት ወይም ባዶ ቦርድ የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት የኦፕ-አምፑን (ሲግናሉን የሚያጎላውን ቺፕ) ዓይነትና የካፓሲተሮቹን ጥራት ነው፤ የቮልዩም መቆጣጠሪያው በሰርኪዩቱ ውስጥ የት ላይ እንደገባ ግን እምብዛም አይመለከቱም። በእኔ ግምት ለጆሮ የሚደርሰውን ልዩነት ይበልጥ የሚወስነው ይህ ቦታ ነው።

በብዛት የሚገኙት ቦርዶች ፖቴንሽዮሜትሩን (ቮልዩሙን የሚቆጣጠረውን የሚዞር ሬዚስተር) ከማጉያው በፊት ያስቀምጡታል። ትልቁ ጥቅሙ ማጉያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሲግናል እንዳይደርሰው መከላከሉ ነው። ሲዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፅ 2 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ ይህ 5 እጥፍ ሲጎላ 10 ቮልት፣ በጫፉ ደግሞ 14 ቮልት ስለሚሆን፣ በ±15 ቮልት የሚሠራና ከ13 ቮልት ብዙም ማለፍ የማይችል ኦፕ-አምፕ የሲግናሉን ጫፍ ይቆርጠዋል። ቮልዩሙ ከፊት ካለ ግን አድማጩ ራሱ ስለሚቀንሰው ወደዚያ አይደረስም። ጉዳቱ ኖይስ (ሰርኪዩቱ ራሱ የሚጨምረው የማይፈለግ ድምፅ) ላይ ነው፤ ቮልዩሙ እስከ ዜሮ ቢዞርም ማጉያው ራሱ የሚፈጥረው ኖይስ ሳይቀንስ ወደ ፓወር አምፑ ያልፋል።

እዚህ ላይ የፖቴንሽዮሜትሩ ዋጋ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድምፁ በግማሽ ቮልቴጅ ላይ ሲሆን ፖቴንሽዮሜትሩ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያሳየው ሬዚስታንስ የሙሉ ዋጋው አንድ አራተኛ ነው፤ የ100 ኪሎኦሙ 25 ኪሎኦም፣ የ10 ኪሎኦሙ 2.5 ኪሎኦም ማለት ነው። በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት የመጀመሪያው 2.8 ማይክሮቮልት ገደማ፣ ሁለተኛው 0.9 ማይክሮቮልት ገደማ የሙቀት ኖይስ ይፈጥራል። ስለዚህ ውድ የሆነ ዝቅተኛ ኖይስ ኦፕ-አምፕ ገዝቶ ከ100 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር ኋላ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የቱቦ ማጫወቻ ያለው ሰው ግን ይለያል፤ መውጫው 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሆነ በ10 ኪሎኦም ላይ ከ16 ኸርዝ በታች ያለውን ባስ መቀነስ ይጀምራልና 50 ወይም 100 ኪሎኦም ይሻለዋል።

ቮልዩሙን ከማጉያው በኋላ የሚያስቀምጡት ቦርዶች የዚህ ግልባጭ ናቸው። ድምፁ ሲቀነስ ኖይሱም አብሮ ስለሚቀንስ ዝግ ባለ ድምፅ ለሚያዳምጥ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ማጉያው ዘወትር ሙሉውን ሲግናል ስለሚቀበል ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ አልመክራቸውም። ኬብሉም ያሳስባል፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ የሆነ የ3 ሜትር ኬብል ከ100 ኪሎኦሙ ፖቴንሽዮሜትር 25 ኪሎኦም ጋር ሲገናኝ በ21 ኪሎኸርዝ ገደማ 3 ዴሲቤል ያጠፋል። በ10 ኪሎኦሙ ፖቴንሽዮሜትር ይህ ወሰን ከ200 ኪሎኸርዝ በላይ ይርቃል።

ሦስተኛው ምርጫ ፒተር ባክሳንዳል ያስተዋወቀው፣ ፖቴንሽዮሜትሩ በፊድባክ (ከማጉያው መውጫ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መስመር) ውስጥ ገብቶ የማጉያውን ጌይን ራሱን የሚቀይርበት ሰርኪዩት ነው። ከፍተኛውን ጌይን የሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮች ስለሆኑና ተራ ሊኒየር (ሲዞር በእኩል መጠን የሚቀየር) ፖቴንሽዮሜትር ስለሚበቃው፣ ርካሽ ሎግ (እየጨመረ በሚሄድ መጠን የሚቀየር) ፖቴንሽዮሜትር ዝቅ ሲል የሚያመጣው የግራና የቀኝ አለመመጣጠን እዚህ በጣም ይቀንሳል። ተጨማሪ ኦፕ-አምፖች ይፈልጋል፣ ፌዙንም ይገለብጣል (የሲግናሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይቀያየራሉ)። አቅሙ ላለው ገዢ የምመርጥለት ይህንን ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከፊት የተቀመጠ 10 ኪሎኦም።

ከመክፈልዎ በፊት የቦርዱን ምስል ቀረብ አድርገው ይዩት። ቮልዩሙ ከፊት ሆኖ ኦፕ-አምፑ እንደ ኤንኢ5532 ያለ ከሆነ፣ በፖቴንሽዮሜትሩ መሃለኛ እግርና በኦፕ-አምፑ መግቢያ መካከል ካፓሲተር መኖር አለበት፤ የዚህ ኦፕ-አምፕ መግቢያ የሚስበው 200 ናኖአምፔር ገደማ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀይር ኤሌክትሪክ) በፖቴንሽዮሜትሩ እግር ካለፈ ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ከካፓሲተሩ በኋላ ወደ ግራውንድ የሚወርድ ሬዚስተርም ይፈልጉ፤ እሱ ከሌለ የኦፕ-አምፑ መግቢያ የዲሲ መንገድ ያጣል።