ስፓኒሽ ለልጆች፦ በክፍለ ጊዜ ወይስ በግማሽ ቀን?

ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ስፓኒሽ ማስተማር ሲታሰብ በብዛት የሚነሱት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ መስጠት ነው። ሌላው የቀኑን ግማሽ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በስፓኒሽ ማስተማር።

ለሁለተኛው የሚጠቀሰው አሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ ያለው የኮራል ዌይ ትምህርት ቤት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ከኩባ የተሰደዱትንና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን ልጆች ይዞ፣ ትምህርቱን ለሁለቱ ቋንቋዎች አካፈለው። እንዲህ ሲሆን ልጁ የቁጥር ስም የሚሰማው መደመር ስላለበት ነው፤ ለፈተና አይሸመድድም። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ቋንቋውን ከእናቱ አፍ የሰማ ነው። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አይተካውም። ጣጣው መምህር ነው። ሒሳብ በስፓኒሽ አሳምሮ የሚያስተምር ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

ክፍለ ጊዜው ርካሽ ነው፣ ለመጀመርም ቀላል። ግን 30 ደቂቃዋ በቀለምና በእንስሳት ስም ካለቀች፣ ልጁ ከዓመታት በኋላም እስከ አስር ቆጥሮ ዝም ይላል።

ባህሉ ላይ ግን ክፍለ ጊዜውም አይናቅም። በስፔን የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በ12ቱ የደወል ምት 12 የወይን ፍሬ ይበላል። መምህሯ ጠረጴዛ እየመታች ልጆቹ "ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ" እያሉ ቢጎርሱ ቁጥሩም ባህሉም አብሮ ይገባል። (ለትንንሾቹ ፍሬው በቁመቱ ለአራት ይቆረጥ፣ ያንቃል።) ብቻ የሞቱ ዘመዶች የሚታሰቡበትን የሜክሲኮውን የሙታን ቀንና የስፔኑን ወይን የአንድ አገር ልማድ አስመስሎ መደባለቅ አይገባም።

መምህር ካለ ግማሽ ቀኑን እመርጣለሁ። ከሌለ ደግሞ በሳምንት አንዴ ረጅም ሰዓት ከመስጠት በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል።